ሰፊያ ግመል ትጠብቃለች

ፀሐይ የምትሠራበት ሆቴል እንግዳ መቀበያ ጀርባ አንድ የብረት ቁም ሳጥን አለ። እንግዶች ረስተውት የሚሄዱት ዕቃ ሁሉ እዚያ ይገባል፤ የስልክ ቻርጀር፣ መነጽር፣ የሕፃን ጫማ አንድ እግር፣ አንድ ጊዜማ ሰው ሠራሽ ጥርስ። ፀሐይ እያንዳንዱን በፌስታል ትቋጥርና የክፍሉን ቁጥርና ቀኑን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ትለጥፍበታለች። የሆቴሉ ደንብ ስድስት ወር አቆይቶ ለሠራተኛ ማደል ነው። እሷ ግን ስድስት ወር ሲሞላ «ምናልባት በዚህ ያልፍ ይሆናል» ትልና መልሳ ትቆልፈዋለች። ከአዲስ አበባ ደሴ የሚሄድ ሁሉ በሸዋ ሮቢት ስለሚያልፍ አባባሏ ስሕተት አልነበረም። ሆኖም ለጥርሱ እንኳ የመጣ የለም።

ፀሐይ የማጀቴ ልጅ ናት። ከስድስት ልጆች ሦስተኛዋ። ሌሎቹ አምስቱ ተራ በተራ ወጡ፤ አንዱ ወታደር ሆነ፣ ሁለቱ አዲስ አበባ ገቡ፣ አንዷ ባሏን ተከትላ ወለጋ ሄደች፤ የመጨረሻው የት እንዳለ ደግሞ መልሱ እንደ ዓመቱ ይለያያል። እናታቸው አልጋ ላይ ስትወድቅ እህት ወንድሞቿ ፀሐይን «አንቺ እስቲ ለጊዜው ሁኚ» አሏት። ጊዜው አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። እናቷን ቀብራ ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርድ ሠላሳ ዓመት አልፏት ነበር። አልጋ አንጣፊ ሆና ጀመረች፤ ዛሬ ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ ቁልፍ የምትሰጠውና ቁልፍ የምትቀበለው እሷ ናት። ሐሙስ ሐሙስ እዚያ ሆቴል የሚያድር አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር ይባላል። እኔ ጠይቄያት አላውቅም።

ስለ እሷ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን ጨዋታው ነው።

መንገድ ሊለካ የመጣ አንድ መሐንዲስ ሁለት ወር ክፍል አሥራ አራት ከርሞ ሲሄድ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍና በትንሽ ከረጢት የተሞላ ዳይስ፣ በየገጹ ቁጥር ያለበት መጣያ፣ ትቶ ሄደ። እንደ ልማዷ ቋጥራ አስቀመጠችው። ከስድስት ወር በኋላ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር የሆነው ዮሴፍ አምቦ ውሃ እየጠጣ ሳለ ቁም ሳጥኑ ሲከፈት መጽሐፉን አይቶ ለመነና ገለጠው። ጨዋታው ሰሌዳም ጠጠርም የለውም። አንድ ሰው ይተርካል፣ ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይሆናሉ። ተራኪው «በሩ ላይ ዘበኛ ቆሟል፣ ጦር ይዟል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። አንዱ እጋፈጠዋለሁ ይላል፣ አንዱ እለማመጠዋለሁ ይላል። ይሁን አይሁን የሚያጠራጥር ሲሆን ዳይስ ይጣላል። ማንም አያሸንፍም። ታሪኩ ብቻ ይቀጥላል።

እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ከቤቱ ሲያስቀር፣ በሆቴሉ ባዶ አዳራሽ አምስት ሆነን እንቀመጥ ጀመር። ተራኪዋ ፀሐይ ሆነች። ማንም አልመረጣትም። ዮሴፍ ሞክሮ አልቻለም፤ ሁሉን ነገር ያስረዳል። ረድዋን ደግሞ፣ የማሾ ነጋዴው፣ ራሱ ተርኮ ራሱ ያሸንፋል። ፀሐይ ስታወራ በሌላ ቀን የማይሰማው ድምፅዋ ይወጣል። መጽሐፉ ውስጥ የነበረውን ዘንዶና ግንብ ትታ ከይፋት ተነሥቶ ወደ ባሕር የሚወርድ የድሮ ሲራራ ነጋዴ አደረገችን። ባሕር አይታ አታውቅም። ከአዲስ አበባ ወዲያም አልሄደችም።

የየራሳችን ሰው በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር፤ ወረቀቱን የማባዛው እኔ ነኝ፣ የፎቶ ኮፒ ቤት ስላለኝ። ስሙ፣ የሚችለው፣ የሚፈራው። ረድዋን ጎራዴ ታጣቂ ነው፤ የሚፈራው በሚለው ላይ «ምንም» ብሎ ጻፈ። ዮሴፍ መድኃኒት አዋቂ ነው። የእኔ ሰው ወጥ ሠሪ ነው፣ ብዙም አይናገርም። አምስተኛዋ ፋዲላ ነበረች፤ ከሆቴሉ ማዶ ባለው መድኃኒት ቤት የምትሠራ የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ። የእሷ ሰው ሰፊያ ትባላለች፣ የነጋዴው መንገድ መሪ። ነፋሱን አሽታ ውሃ ያለበትን ታውቃለች። የምትፈራው በሚለው ላይ ፋዲላ እየሳቀች «ውሃ መሻገር» ብላ ጻፈች።

«ውሃ አግኝታ ውሃ የምትፈራ!» አላት ረድዋን።

«ምንም አልፈራም ያልከው አንተ፣ በረሮ አይተህ ወንበር ላይ የወጣኸው አይደለህ?» አለችው።

ፋዲላ ከሥራ ስትወጣ በየቀኑ እንግዳ መቀበያው ጋ ትቆማለች። ከፀሐይ ጋር ስለ ሰፊያ ያወራሉ፤ ስለ ሌላ ነገርም ይሆናል። ፀሐይ ለሌላ ሰው ወንበር ስትስብ አይቼ አላውቅም። ለፋዲላ ግን አስቀድማ ስባ ነበር የምትጠብቃት።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ፋዲላ ተዳረች። ባሏ ድሬዳዋ ነው የሚሠራው። ከኒካው ሦስት ቀን በፊት መጥታ ፀሐይን እንዲህ አለቻት፦ «አንድ ዓመት ብቻ ነው እትዬ። ሥራው ሲያልቅ እዚሁ ነው የምንኖረው፣ ወላሂ። ሰፊያን ጠብቂልኝ።»

በእኛ ዘንድ ሰው ሲሸኝ ሸኚው በራሱ አይመለስም። ተጓዡ ቆሞ ዞር ብሎ «ይብቃችሁ፣ ተመለሱ» እስኪል ድረስ ይከተላል። ሳይባል የተመለሰ እንደ ሰለቸ ይቆጠራል። ፋዲላ የሄደችበት ጠዋት ደግሞ መንገዱ ለሦስት ቀን ተዘግቶ ገና የተከፈተበት ነበር። ሆቴሉ የከረሙ እንግዶች ሁሉ አንድ ላይ ቁልፍ እያስረከቡ ሳለ የሙሽሮቹ መኪና ደጁ ላይ ቆመና ጥሩንባ ነፋ። ፀሐይ በእንግዶቹ ትከሻ ላይ አሻግራ አየች። ፋዲላ በመስኮት እጇን አወዛወዘች። ፀሐይ ቁልፍ በያዘው እጇ መለሰች። ከኋላ አውቶብስ ስለመጣ መኪናው ሄደ።

በቀጣዩ እሑድ ፀሐይ አምስት ወንበር አዘጋጅታ አገኘናት። በባዶው ዙሪያ ተቀመጥን። ዝምታ የማይችለው ረድዋን ነው።

«እንግደላት» አለ። «ግን በጀግንነት! ሽፍታ መጥቶ፣ እኛን ለማዳን ብላ—»

«መጽሐፉ ሦስት መንገድ ያስቀምጣል» አለ ዮሴፍ። «መሞት፣ መሄድ፣ ወይ ለሌላ ተጫዋች መሰጠት።»

ፀሐይ የሰፊያን ወረቀት በመዳፏ ትጠርጋለች፣ አቧራ ያለበት ይመስል።

ረድዋን ሐሳቡን በከተማው ሳያወራ አልቀረም፤ ረቡዕ ዕለት የፋዲላ እናት እትዬ ዓይሻ ሆቴሉ ድረስ መጡ። ያን ሰዓት ደረሰኝ ላደርስ ሄጄ እዚያው ነበርኩ።

«ፀሐይ ልጄ፣ የፋዲላን ሰው ልትገድሉ ነው አሉ።»

«ኧረ ጨዋታ ነው እትዬ ዓይሻ። ደግሞም አልተወሰነም።»

«ጨዋታም ይሁን። ልጄ ገና ከቤት መውጣቷ ነው፣ ሰው አገር ናት። በእሷ ወንበር ላይ ሞት አይጠራም። የአፍ ነገር ምን እንደሚያመጣ አላህ ነው የሚያውቀው። አንቺ ራስሽ ትልቅ ሰው አይደለሽ?»

«አትሞትም እትዬ። እኔ አለሁ።»

ሞት እንዲህ ተዘጋ። ሌላ ሲጠፋ የዕድሩ ደንብ ትዝ አለን። በዕድር አባል ሩቅ አገር ከሄደ ወኪል ይሰይማል፤ ወኪሉ ይቀመጥለታል፣ ይናገርለታል። ይህን ለጨዋታው ማዋላችን ምን ያህል ስሕተት እንደሆነ ያየነው ረድዋን ወኪል በሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው። ሰፊያ አዋሽን ስታይ ዘላ ገባች። ከውሃው ወጥታ አንድ የአፋር ሽማግሌ ተሳደበች።

«ሰፊያ ውሃ ትፈራለች» አለች ፀሐይ።

«ተሻላት!»

«ሽማግሌም አትሳደብም።»

«እትዬ፣ ካገባች ወዲህ ጠባይዋ ተለውጧል በቃ።»

እኔና ዮሴፍ ሳቅን። ፀሐይ እጇን ዘርግታ ወረቀቱን ከፊቱ ወሰደችው። «እኔ ጋ ትቆይ» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፊያ ግመል ትጠብቅ ጀመር። መንደር ስንገባ እሷ ከውጭ ከግመሎቹ ጋ ትቀራለች። ዋሻ ስንገባ ትቀራለች። ከጨዋታው በኋላ ወረቀቷ በፌስታል ይታሰርና ቁም ሳጥኑ ውስጥ ይገባል፤ እንደ ሌላው ዕቃ ቀን ተጽፎበታል፣ በክፍል ቁጥሩ ቦታ «ፋዲላ» ይላል። በታሪኩ መካከል ከእኛ አንዱ «ሰፊያስ?» ካለ መልሱ አንድ ነው። ረድዋን ነገሩን ገበያ አደረሰው። ሚዛኑ ጋ የጠፋ ሰው ካለ «የት ሄደ?» ሲሉት «ግመል ይጠብቃል» ይላል፣ የማያውቁትም አብረው ይስቃሉ።

ይህን ስጽፍ ነው ልብ ያልኩት፤ ያኔ አላስተዋልኩም። «ለጊዜው ሁኚ» የተባለች ሴት ያንኑ ቃል ለሌላዋ ሰጠቻት። ክፋት አልነበረም። ከመጠበቅ ሌላ ሰውን የመውደጃ መንገድ ያሳያት ያለ አይመስለኝም።

ጨዋታው ግን ባለበት ቆመ። ባሕሩን መጀመሪያ ማየት የፈለገችው ፋዲላ ስለነበረች ያለ እሷ ባሕር መድረስ አይቻልም፤ ፀሐይ እንዲህ ብላ አልተናገረችም፣ ግን መንገዱ በሄድን ቁጥር ይረዝማል። አሸዋው ያሳስተናል፣ ጉድጓዱ ይደርቃል፣ እንመለሳለን። ሰባት ወር ሙሉ አንድ በረሃ ዞርን። ረድዋን የማሾ ወቅት ነው ብሎ ይቀር ጀመር፤ ወቅቱ ካለፈ በኋላም ቀረ። አንድ እሑድ ሦስት ብቻ ሆነን ዮሴፍ ዳይሱን ከእጁ ሳይለቅ ጠየቃት።

«እትዬ ፀሐይ፣ ባሕሩ መቼ ነው?»

«መንገዱ ነው እንጂ እኔ ምን ላድርግ፣ መምህር?»

«መንገዱ አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

በለሆሳስ መለሰችለት፤ እኔ አልሰማሁትም። በሚቀጥለው ሳምንት እሱም የተማሪ ፈተና አርማለሁ አለ። እኔና ፀሐይ አምስት ወንበር መካከል ተቀመጥን። እኔ ጨዋታ የማሟቅ ሰው አይደለሁም። የእኔ ሰው ወጥ ሠራ፣ እሷም ወጡ ጣፋጭ እንደሆነ ተረከች፣ ከዚያ ሁለታችንም በመስኮቱ የሚያልፉትን መኪናዎች አየን። «እነሱም ከተዉት» አለች ወደ ውጭ እያየች፣ «እሑድ እንደ ማክሰኞ ይሆናል።»

በሰኔ መጀመሪያ እትዬ ዓይሻ ፊታቸው በርቶ መጡ።

«አልሃምዱሊላህ ፀሐይ! ፋዲላ ፀንሳለች። እዚያው ድሬ የራሳቸውን መድኃኒት ቤት ከፈቱ። አማቾቿም አይለቋትም፣ ምን ያርጉ፣ እንደ ልጃቸው ወደዷት።»

«እንኳን ደስ አለዎት እትዬ። በሰላም ይገላግላት።»

«አሚን፣ አሚን። አንቺንም ሰላም በይልኝ ብላለች።»

እትዬ ዓይሻ ከወጡ በኋላ ፀሐይ የእንግዳ መዝገቡን ገለጠች፣ ዘጋች። ከዚያ ስልኳን አወጣችና የድምፅ መልእክት ላከች፤ ድምፅዋን ለማስተካከል ሁለት ጊዜ አጥፍታ ጀመረች። «ፋዲልዬ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ሰፊያን ምን ላድርጋት? አንቺ እንዳልሽ ይሁን ብዬ ነው።»

መልሱ በዘጠነኛው ቀን መጣ። የእጅ ስልኩን አጠገቤ አድርጋ ስለከፈተችው ሰማሁት። ከኋላ የሰው ጫጫታና የባጃጅ ድምፅ አለ።

«እትዬ ፀሐይዬ! ናፍቆት ሊገድለኝ! ሰፊያ? ሰፊያ የቷ... ውይ! እስካሁን አለች እንዴ? ያረቢ፣ እኔማ ጨዋታው የቀረ መስሎኝ! እናንተ ደስ እንዳላችሁ አርጓት እትዬ። ደንበኛ መጣብኝ፣ በኋላ እደውላለሁ እሺ?»

ፀሐይ ደግማ ከፈተችው። ከዚያ ስልኩን በፊቱ ደፍታ አስቀመጠችና ለቆሙት እንግዶች የክፍል ሦስትን ቁልፍ ሰጠች። ማምሻው ላይ ሱቄን ስዘጋ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። እሷ ወደ ሱቄ መጥታ አታውቅም።

«እሑድ ሁሉም እንዲመጡ ንገርልኝ» አለች። «ረድዋንንም። ለአንድ ቀን ብቻ በለው።»

ረድዋን መጣ። ማሾ የሚሸት ጃኬቱን ሳያወልቅ «ሰፊያስ?» አለ ገና ሳይቀመጥ፣ ለቀልድ።

«ዛሬ ትሄዳለች» አለች ፀሐይ።

ከዚያ ተረከች። አንድ ወንዝ ዳር ደርሰናል፤ ባሕሩ ከዚያ ወዲያ የሦስት ቀን መንገድ ነው። ሰፊያ ግመሎቹን ለወጥ ሠሪው አስረከበች። ከወንዙ ማዶ የሚጠብቃት ሰው አለ፣ መንገዷ ከእኛ ይለያል። «ምን ታደርጋላችሁ?» ብላ ጠየቀችን።

እኔ በሶና ተምር ቋጠርኩላት። ዮሴፍ ለወሊድ የሚሆን መድኃኒት ሰጣት፣ ከዚያም በራሱ ንግግር አፈረ። ረድዋን ዘወር አለ።

«ጎራዴዬን እሰጣታለሁ» አለ።

«ጎራዴህን?» አለ ዮሴፍ። «አንተስ?»

«እኔ ምንም አልፈራም፤ ወረቀቴ ላይ ተጽፏል።»

ሸኘናት። ፀሐይ መንገዱን አንድ በአንድ ተናገረች፤ የሾላውን ዛፍ አለፍን፣ ዳገቱን ወረድን፣ ሁለት ነጭ ድንጋይ ያለበትን አለፍን። ከዚያ አሸዋው መጣ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ሾላ። ወንዙ ግን አልቀረበም። ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ፣ እኛም ተከተልን። ሦስተኛውን ሾላ ስታመጣ ረድዋን በቀስታ ተናገረ።

«እትዬ፣ እስከ የት ነው የምንሸኛት?»

«ይብቃችሁ አላለችም እኮ።»

«ማን?»

«ሰፊያ። እሷ ሳትል እንዴት እንመለሳለን?»

እውነቷን ነው፤ ሳይባል አይመለስም። ፋዲላ ከመኪናው መስኮት አላለችውም፣ ስልኩም ላይ አላለችውም። ረድዋን አጎንብሶ ወረቀቱን በጣቱ ወደ እሷ ገፋው።

«የሰፊያ አፍ አንቺ ጋ ነው ያለው» አለ። «ሰባት ወር አንቺ ጋ ነው።»

ፀሐይ ወረቀቱን አየች። ከውጭ አንድ ከባድ መኪና ፍሬን እየያዘ ቁልቁል አለፈ፤ ድምፁ እስኪጠፋ ጠበቀች።

«ሰፊያ ቆመች» አለች። «ዞረች። ሁላችሁንም አየቻችሁ።» ወረቀቱን አነሣች። «ይብቃችሁ አለች። ተመለሱ።»

ከዚያ ተመለስን። ማለቴ፣ በታሪኩ ውስጥ ማንም ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አልተራመደም፣ ግን ወንበራችን ላይ ሁላችንም ወደ ኋላ ተደገፍን። ዮሴፍ የውሃ ፍርሃቷን እንይ ብሎ ዳይሱን ሲያነሣ ፀሐይ በመዳፏ ከደነችው።

«ለዚህ ዳይስ አይጣልም። ውሃው እስከ ጉልበቷ ነበር። ፈራች፤ ተሻገረች።»

ማዶ ምን እንዳገኘች አልነገረችንም። እኛም አልጠየቅንም።

ሲበተኑ እኔ ወንበር ላነሣላት ቀረሁ። የሰፊያን ወረቀት አራት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቁም ሳጥኑ ክፍት ነበር፣ ባዶው ፌስታል ላይ የኅዳሩ ቀን አሁንም ተለጥፏል።

«እዚያ አታስገቢውም?» አልኳት።

«የተረሳ ዕቃ ነው እንዴ?» አለች። «የሄደች ናት እንጂ።»

በሚቀጥለው እሑድ አራት ወንበር ነበር። ረድዋን ሳይጠራ መጣ። መንገድ መሪ ስለሌለን ያገኘነውን ሁሉ እየጠየቅን ሄድን፣ ሁለት ጊዜ ተሳሳትን፣ በሦስተኛው ቀን ማለዳ አንድ የአሸዋ ክምር ላይ ወጣን። ፀሐይ እዚያ ላይ አቆመችን።

«ደረሳችሁ» አለች። «ባሕሩ ይኸውላችሁ።»

«ምን ይመስላል?» አለ ዮሴፍ። እሱም አይቶ አያውቅም፤ ማናችንም።

ፀሐይ ወደ መስኮቱ ዞረች። ማታ ደጋው ላይ ዝናብ ጥሎ ስለነበር የሮቢ ወንዝ ድምፅ እስከ አዳራሹ ይሰማል።

«ሮቢ ሲሞላ አይታችኋል አይደል» አለች። «ልክ እንደዚያ ነው። ግን ማዶ የለውም።»

ትንሽ ቆይቶ አንድ እንግዳ ከመቀበያው ደወሉን መታ፣ እሷም «መጣሁ» ብላ ተነሥታ ሄደች። እኛ ሦስታችን እዚያው ባሕሩ ዳር ቁጭ ብለን ጠበቅናት።